የሥራ ውጥረት በጤና ላይ የሚያስከትለው ጉዳትና መከላከያው

ውጥረት ሰውነት ከአቅም በላይ ለመሰለው ጫና ወይም ስጋት የሚሰጠው ምላሽ ነው። በዚህ ወቅት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች በብዛት ስለሚመነጩ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠንም ከፍ ይላል። ምላሹ ለአጭር ጊዜ ሲሆን አደጋን ለመቋቋም ይረዳል። ለወራት ሲቀጥል ግን እንቅልፍ ያሳጣል፣ ራስ ምታትና ድባቴ ያስከትላል፣ ለልብና ለደም ስር በሽታዎችም ያጋልጣል።

ችግሩ በመንግሥት ሠራተኞች ላይ ያለውን ገጽታ ካሳዩት ጥናቶች መካከል በእንግሊዝ የተካሄደው የኋይትሆል ጥናት በዋናነት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የመጀመሪያው ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ወንድ ሠራተኞችን የተከታተለ ሲሆን፣ በዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ላይ የነበሩት በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከከፍተኛ ኃላፊዎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሲጋራ ማጨስና የደም ግፊት ልዩነቱን ያብራሩት በከፊል ብቻ ነው።

በፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት መሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ጥናት 10 ሺህ 308 ወንዶችንና ሴቶችን አካትቷል። በሥራቸው አካሄድ ላይ የመወሰን ዕድላቸው አነስተኛ የሆነ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውንም አመልክቷል። ይህም ውጥረት የከፍተኛ ኃላፊዎች ችግር ብቻ ነው የሚለው አመለካከት የተሳሳተ መሆኑን ያሳያል።

በመሆኑም መከላከሉ ለሠራተኛው ብቻ የሚተው አይደለም። የሥራ ኃላፊዎች የእያንዳንዱን ሠራተኛ ተግባርና ኃላፊነት በግልጽ በመለየት፣ ሠራተኛውን በዕቅድ ዝግጅት በማሳተፍ፣ የሥራ ክፍፍሉን በማመጣጠንና ምዘናውን ፍትሐዊ በማድረግ ውጥረትን መቀነስ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያም ኃላፊዎች የሠራተኞቻቸውን የአእምሮ ጤና መጠበቅ የሚያስችል ሥልጠና እንዲያገኙ መክሯል።

ሠራተኛውም በበኩሉ ሥራዎችን በቅደም ተከተል ማከናወን፣ የዓመት ፈቃዱን ለዕረፍት ማዋል፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘት፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማድረግና ችግሩን ለሚያምነው ሰው ማካፈል ይጠቅመዋል። ድካምን በጫት፣ በሲጋራ ወይም በአልኮል መጠጥ ለማለፍ መሞከር ግን ጉዳቱን ያባብሳል፤ ጫት ራሱ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራልና።

የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ በየጊዜው መለካት ያስፈልጋል። እንቅልፍ ማጣቱና ጭንቀቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ የጤና ባለሙያን ማማከር ይገባል። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሰራጭ የደረት ሕመም ሲያጋጥም ደግሞ የሥራ ድካም ነው ብሎ ሳይዘናጉ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ሕይወትን ያተርፋል።