ከባቡር ጣቢያ እስከ መማሪያ ክፍል፦ የአማርኛ የኅብረት መዝሙር አነሣሥ

በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ባቡር አርባ አርመናውያን ወጣቶችን አድርሶ ነበር። ወጣቶቹ በኦቶማን ግዛት በደረሰው ዕልቂት ወላጆቻቸውን አጥተው በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው ያደጉ ናቸው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ላይ የእነዚህን ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሰሙ፤ ወደዱትም፤ ከገዳሙ ጋር ተስማምተውም ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ አልጠፋም። «ልጅ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዕድሜን ብቻ አይነግርም፤ ለአንድ ጌታ ማደርንም ጨምሮ ይናገራል።

የነሐስ መሣሪያ ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበረም፤ ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ መጥቶ ነበር። አዲሱ ነገር ከወጣቶቹ ጋር የመጣው መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተባለውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ሲሆን፣ መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓል ተሰማ። ዜማው ከአንቴፕ ተወላጅ አርመናዊ፣ ግጥሙ ከጎጃም የቅኔ ሰው ከዮፍታሔ ንጉሤ መገኘቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ዮፍታሔ ደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቅኔ ቤት የበሰለ ነው። ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ትምህርት ቤቱንም መራ። ቲያትር ይጽፋል፣ መዝሙር ይደርሳል፤ ተዋናዮቹም ዘማሪዎቹም ተማሪዎቹ ነበሩ። ኬቮርክም ለእነዚህ ቲያትሮች በሙዚቃ ይረዳው ነበር። የአማርኛ የኅብረት መዝሙር ታሪክ ብዙ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ወይም ከቲያትር አዳራሽ ይጀመራል፤ መነሻው ግን መማሪያ ክፍል ነው ቢባል ለእውነት ይቀርባል።

በቤተ ክርስቲያን ዜማ መሪና ተመሪ፣ በሕዝብ ዘፈንም አውጪና ተቀባይ አሉ። ሁለቱም ልማዶች ለአንድ ሰው ድምፅ ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ አውጪው ቃሉን እንዳሻው ያረዝማል፣ ያሳጥራል፣ ተቀባዩ ይከተላል። በሰልፍ ምት የሚዘመር መዝሙር ይህን ነፃነት ይነሣል፤ ሁሉም አፍ በአንድ ቅጽበት በአንድ ድምፅ ላይ መገናኘት አለበት። የአማርኛ ጠባይ ፈተና የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ «ዋና»ም ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ፣ ሲጠብቅ ቀዳሚው ነው። ተናጋሪ ተነባቢውን ያጠብቃል፤ ዘማሪ ግን የሚያስረዝመው አናባቢውን ነው፤ ስለዚህ ጥብቀቱ በረጅሙ ድምፅ ውስጥ ይጠፋል። ሳድስም እንዲሁ ነው። «ልብስ» በንግግር አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምት አናባቢ የሚሻ ዜማ ግን ሦስቱንም ፊደላት ሊያስጠራ ይዳዳዋል።

ፊደሉ መጥበቅንና መላላትን አያመለክትም፤ ሳድሱ የት እንደሚነበብ የት እንደሚዋጥም አይናገርም። የአውሮፓው የሙዚቃ ጽሕፈት ዜማውን በሚገባ ይይዛል፤ ቃሉን ግን ከፊደሉ በላይ አያውቅም። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ ተማሪ ከወረቀቱ ላይ ትክክለኛውን አነባበብ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ማስታወሻው የመምህሩ አፍ ነበር። በቅኔ ቤት የአንዲትን ቃል መጥበቅና መላላት አገላብጦ ኅብረ ቃል ማውጣት የለመደ ሰው ለዚህ ሥራ መመረጡ በአጋጣሚም ቢሆን የሰመረ ምርጫ ነው። ኬቮርክ ብቻውን ቢሆን ኖሮ መዝሙሩ ለጆሮ ያማረ፣ ለአማርኛ ግን ጎርባጣ በሆነ ነበር።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ እየተቃረበ ሳለ፣ መኰንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ሕዝቡን ሰብስቦ በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር ያነሣሣ ነበር። በትምህርት ቤት ግቢ የተለመደው የኅብረት ድምፅ ወደ አደባባይ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦርነቱ መጣ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የተማሩ ወጣቶች ተለይተው ሲታደኑ፣ መዝሙሩን በክፍል ውስጥ የተማረው ትውልድ ተመናመነ። የኅብረት ድምፅ ሰዎቹ ሲጎድሉ በወረቀት አይተካም።

ከነፃነት በኋላ ሀገር ፍቅር እንደገና ተነሣ፤ ዮፍታሔም ከስደት ተመልሶ በ1939 ዓ.ም. ዐረፈ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር የአገሩን ዘፈኖች ለብዙ መሣሪያና ለብዙ ድምፅ ማቀናበሩን ቀጠለ። መዝሙሩ በየትምህርት ቤቱ ጠዋት ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል እስከ አብዮቱ ዘመን ተዘመረ። በዚያ ሰልፍ ላይ የቆሙት የመጨረሻዎቹ ተማሪዎች ዛሬ ወደ ስድሳ ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው፤ የትኛው ተነባቢ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ሳድስ እንደሚዋጥ የሚያውቀው አሁንም የእነርሱ አፍ ነው።