የሰማይ መንገድ ሲዘጋ

በምድር ላይ የሚሄድ መንገደኛ ድልድይ ተሰብሮ ቢያገኝ እስኪጠገን ድረስ በወንዙ ዳር አርፎ ይቆያል። በሰማይ የሚበር አይሮፕላን ግን ቆሞ ለመጠበቅ አይችልም፤ ነዳጁ ሳያልቅ ማረፊያ ማግኘት አለበት። ስለዚህ በምድር ያለው የአየር ጉዞ መቆጣጠሪያ ጣቢያ ራዳሩ ቢታወር ወይም ራዲዮው ዝም ቢል፣ በዚያች ሰዓት በአየር ላይ የሚገኙት አይሮፕላኖች ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ፣ አለዚያም ወደ ሌላ ከተማ ዞረው ያርፋሉ። ይህ ለመንገደኛው ምሬት፣ ለአየር መንገዱም ኪሣራ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ስንመረምር መንገድ ለውጦ ማረፍ ብዙ ጊዜ የጥንቃቄ ፍሬ መሆኑን እንረዳለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቁጥጥሩ ሥራ ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በብዙ ሰዎች ሞት ምክንያት ነው። ጁን 30 ቀን 1956 ከሎስ አንጀለስ የተነሡ ሁለት የመንገደኛ አይሮፕላኖች በአሪዞና በግራንድ ካንየን ሸለቆ ላይ ተጋጭተው የተሳፈሩት 128 ሰዎች በሙሉ አለቁ። በዚያ ዘመን በዚያ ሰፊ ሰማይ ላይ የሚጠብቃቸው ራዳር አልነበረም፤ አብራሪዎቹ እርስ በርሳቸው በዓይን ተያይተው እንዲተላለፉ ይታመን ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ከዚህ በኋላ በ1958 ባወጣው ሕግ የአቪዬሽኑን ቁጥጥር ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሰጠ፤ የራዳሩም ሥራ እየተስፋፋ ሄደ። ሰማዩ እንደ ርስት መሬት ተሸንሽኖ፣ እያንዳንዱ ክፍል በጠባቂው ይጠበቃል፤ አንዱ ጠባቂ አይሮፕላኑን ለጎረቤቱ በስልክና በኮምፒዩተር እያስረከበ ያሳልፋል። ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ቢያቋርጥ ሰንሰለቱ በሙሉ ይናወጣል።

እንዲህ ያለው ቀን ሲመጣ አይሮፕላኑን የሚያድነው አስቀድሞ የተያዘለት ስንቅ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት አንድ የጄት አይሮፕላን እስከ መድረሻው ከሚበቃው ነዳጅ በላይ፣ በአስፈላጊ ጊዜ ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርሰውን፣ ከዚያም ሌላ ለ30 ደቂቃ በአየር ላይ የሚያቆየውን ይዞ ይነሣል። በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ ይህ ትርፍ ክብደት ይመስላል። ነገር ግን ገበሬ የዘር እህሉን ከቀለቡ ለይቶ እንደሚያኖር፣ ይህም ለክፉ ቀን የተለየ ነው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2004 በሎስ አንጀለስ አጠገብ በፓምዴል የሚገኘው ማዕከል ከአብራሪዎች ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ በድንገት ዝም አለ። ተቆጣጣሪዎቹ አይሮፕላኖቹን በራዳር እያዩ ሊያናግሩአቸው አልቻሉም። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር ጊዜን በሺህኛ ሰከንድ ወደ ታች እየቆጠረ፣ ከ49 ቀናት በኋላ በ50ኛው ቀን ቁጥሩ ያልቅበት ነበር። ስለዚህ በየ30 ቀኑ አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት የታዘዘ ቢሆንም፣ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። ተጠባባቂው መሣሪያም ሥራውን እንደ ተረከበ ወዲያው ወደቀ። በዚያን ሰዓት በአካባቢው ሰማይ ላይ 800 ያህል አይሮፕላኖች ነበሩ፤ ቢያንስ አምስት ጊዜም ከተፈቀደው ርቀት በላይ ተቀራረቡ። የሞተ ሰው ባይኖርም፣ ትንሽ የምትመስል የዘወትር ሥራ ስትዘነጋ ምን እንደምታስከትል ታየ።

ተጠባባቂ ማኖር ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የብሪታንያው ጉዳይ ያስተምረናል። ኦገስት 28 ቀን 2023 ከሎስ አንጀለስ ወደ ፓሪስ የሚሄድ አንድ አይሮፕላን የጉዞ ዕቅድ ለብሪታንያው ኮምፒዩተር ደረሰው። በዕቅዱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ስፍራዎች፣ አንዱ በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ፣ ሁለተኛው በፈረንሳይ በዶቪል፣ በአንድ ዓይነት ሦስት ፊደል ይጠሩ ነበር። ኮምፒዩተሩ ነገሩ ቢምታታበት ራሱን ዘጋ፤ ተጠባባቂውም ያንኑ ዕቅድ በዚያው ዘዴ መርምሮ እንደ ፊተኛው ተዘጋ። ዕቅዶቹ በእጅ መመርመር ስለ ነበረባቸው የበረራው ቁጥር እጅግ ተቀነሰ፤ ከ700,000 የሚበልጡ መንገደኞችም ተጉላሉ። በአንድ ዓይነት አስተሳሰብ የተሠሩ ሁለት ዘበኞች፣ አንዱ የሚያንቀላፋበት ሰዓት ሁለተኛውንም እንደሚያስተኛው ይህ ማስረጃ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን መሣሪያ ጎድሎ ሳለ ሥራው እንደ ወትሮው የቀጠለበት ሌሊት ነው። ጁላይ 1 ቀን 2002 በደቡብ ጀርመን በኡበርሊንገን አጠገብ ያለውን ሰማይ የሚቆጣጠረው የስዊስ ከተማ የዙሪክ ማዕከል ነበር። በዚያ ሌሊት መሣሪያዎቹ እየተስተካከሉ ስለ ነበር ራዳሩ በተቀነሰ አቅም ይሠራል፤ ግጭት መቅረቡን በመስኮቱ ላይ የሚያሳየው ምልክት ጠፍቷል፤ ዋናው ስልክ ተዘግቷል፤ ተጠባባቂውም ስልክ ተበላሽቷል። ከሁለቱ ተረኞች አንዱ ዕረፍት ላይ ስለ ነበረ፣ ሁለት ጠረጴዛ የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር። በጀርመን በካርልስሩኸ ያሉት ባልደረቦች አደጋውን በራዳር አይተው ቢደውሉ መስመሩ አልገባ አላቸው። በአይሮፕላኖቹ ውስጥ ያለው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ሲል፣ ይህን ያላወቀው ተቆጣጣሪ ውጣ የተባለውን ውረድ ብሎ አዘዘ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ከሩስያ ከኡፋ ከተማ የመጡ ልጆች ነበሩ።

ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጁን 15 ቀን 2022፣ በዚያው መሥሪያ ቤት የመረጃ መረብ መሣሪያ በሌሊት ተበላሸ። በዚህ ጊዜ ሹማምንቱ የስዊስን ሰማይ እስከ ጧቱ ድረስ ዘጉት። ከሩቅ አገር ሌሊቱን ሲበሩ ያደሩ አይሮፕላኖች ወደ ሚላኖና ወደ ሌሎች የጎረቤት ከተሞች ዞረው አረፉ። መንገደኛው አጉረመረመ፤ ነገር ግን ሁሉም በደኅና ወረደ። ሁለቱ ጉዳዮች በሁሉ ነገር አንድ ባይሆኑም፣ በጎደለ መሣሪያ በመሥራትና በጊዜው በማቆም መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ሆኖ ይታያል።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። አንድ ሹም ሥራ ከሚያስቆም ትእዛዝ በታች ስሙን ሲፈርም፣ ወቀሳው ዛሬውኑ ይደርስበታል፤ ያዳናቸው ሰዎች ግን መዳናቸውን ስለማያውቁ የሚያመሰግነው አያገኝም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ምስጋናን የማይጠብቅ፣ መሥሪያ ቤቱም እርሱን የሚደግፍ ሊሆን ይገባል። ይህም ለአየር ጉዞ ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ሕይወት አደራ ለተሰጠው መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያገለግል ትምህርት ነው።