ከዓባይ ደለል የቆመ ግድግዳ፦ የካርቱም የጭቃ ቤቶች ታሪክ

በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል በጥቁር ዓባይ ዳርቻ የምትገኘው የአል-ማንሺያ ሰፈር ዛሬ በኮንክሪት ቤቶቿ ብትታወቅም፣ የአገሩ ነባር የግንባታ ጥበብ «ጃሉስ» የሚባለው የጭቃ ግድግዳ ነው። የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበትና የግንባታ እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ምድር፣ ሰው ከእግሩ ሥር ባገኘው አፈር ቤት ማቆም የቻለው በዚሁ ጥበብ ነው፤ የወንዙ ዳር አፈርም በብዙ ዘመን ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ደለል ነው።

በአማራ ገጠር ቤቱን የሚሸከመው ምሰሶና ማገሩ ሲሆን ጭቃው በላዩ ይመረግበታል፤ በጃሉስ ግን ተሸካሚው ጭቃው ራሱ ነው። ግንበኛው አፈሩን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክቶ በእጁ እያድበለበለ አንድ ዙር ይደረድራል፤ ያ ዙር ሳይደርቅ ሌላ ከተጫነበት ግድግዳው ስለሚያብጥና ስለሚንሸራተት፣ ሥራው ቀናትን እየጠበቀ ያድጋል። ጣሪያው በወራጆች ላይ ሰሌንና ጭቃ ተነጥፎበት ይሠራል፤ ውኃው ግድግዳውን ሳይነካ ርቆ እንዲወርድም አሸንዳ ይወጣለታል። በመጨረሻም «ዚባላ» የሚባለው፣ ከእበትና ከጭቃ ተቦክቶ ለቀናት እንዲብላላ የሚተው ልስን ይለቀለቃል፤ ይህም ክረምት ሳይገባ በየዓመቱ የሚታደስ በመሆኑ የቤቱ ዕድሜ የሚወሰነው በባለቤቱ ትጋት ነው።

ካርቱም እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ስትመሠረት መጠለያዎቿ ከቆዳና ከሸምበቆ የተሠሩ ነበሩ፤ ከ1826 እስከ 1838 ያስተዳደረው አሊ ኩርሺድ ፓሻ እንጨት እየሰጠ ሕዝቡ በጭቃና በጡብ እንዲሠራ አበረታታ። የተቃጠለው ጡብ ግን በአብዛኛው የመጣው ከወንዙ ሽቅብ ከምትገኘው ከሶባ፣ ማለትም አልዋ ከተባለው የክርስቲያን ኑቢያ መንግሥት መናገሻ ፍርስራሽ ነበር፤ አንዲት ከተማ ለመገንባት የሌላይቱ ቅርስ መፍረሱ ለሱዳን ታሪክ ከባድ ኪሳራ ነው። በ1885 በግብፅ አገዛዝ ላይ ያመፁት ማህዲስቶች ካርቱምን ሲይዙ መናገሻው ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ፤ እዚያም አብዛኛው ሕዝብ የኖረው በጭቃ ቤትና በጎጆ ነው።

በነሐሴ 1988 (እ.ኤ.አ.) በአንድ ቀን ውስጥ ከ200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ካርቱም ላይ ወርዶ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈረሱ፤ በ2020ም የጥቁር ዓባይ ሙላት ተመሳሳይ ጉዳት አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጃሉስ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየቱ ግን ተገቢ አይደለም። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የቆሙት ድርቅና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በሰፈሩባቸው ረባዳ ቦታዎች፣ ያለ ድንጋይ መሠረትና ያለ ዓመታዊ ልስን ነበር። ከፍ ባለ መሬት ላይ፣ በድንጋይ ወይም በጡብ መሠረት የቆመና ልስኑ በየዓመቱ የሚታደስ የጃሉስ ቤት ግን ለበርካታ ዓመታት ያገለግላል።