ኮፐር ክሪክ ቪላዎችና ካቢኖች

ኮፐር ክሪክ ቪላዎችና ካቢኖች በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በዋልት ዲስኒ ወርልድ ውስጥ የሚገኝ የታይምሼር ማረፊያ ነው። ታይምሼር ማለት ብዙ ሰዎች አንድን የዕረፍት ቤት በጋራ ገዝተው በየተራ የሚጠቀሙበት አሠራር ነው።

ታሪክ

ማረፊያው የዊልደርነስ ሎጅ ሆቴል አካል ነበረ። ሆቴሉ በ1994 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። አሠራሩ በምዕራብ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ያሉትን የድሮ የእንጨት ማረፊያዎች ይመስላል። በ2000 እ.ኤ.አ. በአጠገቡ የታይምሼር ሕንፃ ተጨመረ። ቀጥሎ ግን ዲስኒ ሌላ ሕንፃ በመጨመር ፋንታ የሆቴሉን ደቡባዊ ክንፍ ራሱን ወደ ቪላ ለወጠ። በቤይ ሌክ ሐይቅ ዳርም 26 ካቢኖች ሠራ። ማረፊያው ጁላይ 17 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

አሠራር

ገዢው የዲስኒ ቫኬሽን ክለብ አባል ይሆንና በየዓመቱ የሚታደሱ ነጥቦች ያገኛል። ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው ነጥብ እንደ ወቅቱና እንደ ክፍሉ ስፋት ይለያያል።

ግዢው ዘላቂ ባለቤትነት አይሰጥም። ውሉ ጃንዋሪ 31 ቀን 2068 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ መብቱ ለዲስኒ ይመለሳል። ስለዚህ ዘግይቶ የገዛ ሰው የሚጠቀምበት ዘመን ያጥራል።

ጥቅምና ጉዳት

ድርጅቱ የብዙ ዓመታት ገንዘብ በቅድሚያ ይሰበስባል፤ የጥገናው ወጪም ወደ አባላቱ ይዞራል። አባላት በዓመቱ ባይመጡም እንኳ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ። በሌላ በኩል፣ አባል ላልሆነ እንግዳ የቀሩት መደበኛ የሆቴል ክፍሎች ቀንሰዋል።