አራተኛ ክፍል ላይ የቆመው ዕቅድ

የ1966ቱ አብዮት ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የቤንዚን ዋጋና የታክሲ ሾፌሮች አድማ ነው። የካቲት 11 ቀን ታክሲዎቹ ሲቆሙ ግን መምህራንም ክፍል አልገቡም። ቅሬታቸው ስለ ነዳጅ አልነበረም። ለዓመታት ሰሚ ካጣው የደመወዝ ጥያቄ በላይ ያስቆጣቸው፣ ሕዝቡ በእንግሊዝኛ ስሙ «ሴክተር ሪቪው» እያለ የሚጠራው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት ነበር።

ጥናቱ ያለ ምክንያት አልተጀመረም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት በዩኔስኮ አማካይነት አዲስ አበባ ተሰብስበው እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ልጆች ለማዳረስ ሲወስኑ፣ አስተናጋጇ ኢትዮጵያ በትምህርት ሽፋን ከኋለኞቹ ተርታ ነበረች። ገበሬው ከ1940ዎቹ ጀምሮ በመሬቱ ላይ የትምህርት ግብር ይከፍላል፤ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው ከተማ ነው። የከተማው ልጅ በበኩሉ ማትሪክ ደርሶ ሥራ ማጣት ጀምሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ዓመታት በራሳቸው እጅ መያዛቸውም አይዘነጋም። ትምህርት ቤት በዚያ ዘመን ከዙፋኑ እንደሚወርድ ስጦታ ይታይ ስለነበር፣ ስለ ስጦታው አሰጣጥ በአደባባይ መከራከር አልተለመደም።

በጥቅምት 1964 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ ሥራው ተጀመረ። የትምህርት ሚኒስቴር ሰዎች፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና የውጭ አገር ባለሙያዎች በየቡድኑ ተከፋፍለው አጠኑ፤ ነሐሴ ላይ ጨረሱ። ካቀረቡት ሐሳብ ዋናው የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ነው፤ ከከተማ እስከ ገጠር ለሁሉም የሚዳረስ፣ በግብርናና በኑሮ ላይ ያተኮረ፣ ወጪው ዝቅ ያለ። ትምህርት ቤት ያመለጣቸው ወጣቶችና ጎልማሶችም ከመደበኛው ውጭ እንዲማሩ ታስቧል። ከአራተኛ በላይ ያለው ደረጃ በተለይም ሁለተኛ ደረጃው ግን ኢኮኖሚው ሊቀጥረው በሚችለው ሰው ልክ እንዲወሰን ነበር።

በወረቀት ላይ ሲታይ ስሌቱ የሚነቀፍ አልነበረም። ያለው ገንዘብ ያው ነው፤ ለጥቂቶች አሥራ ሁለት ዓመት ከማስተማር ለብዙዎች አራት ዓመት ማስተማር ይሻላል የሚል ነበር። የገጠሩን ልጅ ከልብ አስበው የጻፉት ባለሙያዎች እንደነበሩም አልጠራጠርም።

ወላጅ ግን ሒሳቡን በሌላ በኩል ያሰላ ነበር። ልጁን ከከብት ጥበቃ ነጥቆ ትምህርት ቤት የላከ ገበሬ የፈለገው የተሻለ ገበሬ እንዲሆንለት አይደለም፤ እርሻውንማ እሱ ራሱ ያስተምረዋል። የፈለገው ልጁ ጸሐፊ፣ አስተማሪ ወይም ነርስ ሆኖ ከጭሰኝነት እንዲወጣ ነው። የከተማው ድኻም ምኞቱ ይኸው ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ የሚያበቃ ትምህርት ለዚህ ሰው እንደ ግማሽ ድልድይ ነው። የባለሥልጣን ልጅ ደግሞ ዕቅዱ ጸደቀም አልጸደቀ የሚማርበት አያጣም።

ሰነዱ ነሐሴ 1964 ቢያልቅም እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። በዚያ መካከል ወሬው ከአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ወደ ጠጅ ቤት፣ ከዚያም ወደ እድር ወረደ፦ የድኻ ልጅ ከአራተኛ አያልፍም፣ የመምህር ደመወዝ ይቀነሳል፣ አንድ ክፍል ውስጥ የሚታጨቀው ተማሪ ይበዛል። መንግሥት ይህን ሁሉ አሉባልታ ነው አለ። ለእኔ ግን ወሬው ዝርዝሩን ቢያጋንንም ፍሬ ነገሩን አልሳተም። መንገዱ ለአብዛኛው ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ እንዲቆም መታቀዱ እውነት ነበር።

የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ዕቅዱ እንዲሰረዝና የደመወዝ ጥያቄው እንዲመለስ ጠየቀ። ተማሪዎችና ወላጆች ከጎኑ ቆሙ። አንድ የሙያ ማኅበር ስለ ደመወዙ ብቻ ቢያድም ኖሮ ከተማው ምን ያህል እንደሚከተለው እንጃ፤ የልጆች ጉዳይ ሲጨመርበት ግን እያንዳንዱን ቤት ነካ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀንስ፣ ሴክተር ሪቪውም ለጊዜው እንዲቆይ መወሰኑን አስታወቁ። ውሳኔው ዘግይቶ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ሐሳቦቹ ግን ከሰነዱ ጋር አልተቀበሩም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ፤ በ1971 ዓ.ም. ደግሞ መሠረተ ትምህርትን አወጀ። ጎልማሳውን የማስተማር ሐሳብ በዚህ መልክ በሌላ ስም ተመልሶ መጣ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን ሲከፍል የመጀመሪያውን እርከን አራተኛ ክፍል ላይ ነበር ያበቃው። የ1966ቱን ክርክር አስታውሶ የተቃወመ ብዙ ሰው አልታየም፤ ምክንያቱም በዚህኛው ከአራተኛ ወደ አምስተኛ የሚወስደው በር ክፍት ነበር። መለያው ወደ አሥረኛ ክፍል ፈተና ተሸጋገረ። ማን ወደ መሰናዶ፣ ማን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይሂድ የሚለውም የወላጆች አዲስ ጭቅጭቅ ሆነ።