የበሉትን የመዘኑ ሊቃውንት

በማዕድ ላይ የቀረበው ብረትና ካልሲየም ምን ያህሉ ከአንጀት አልፎ ወደ ደም እንደሚዘልቅ፣ ምን ያህሉስ ሥጋን ሳይጠቅም እንዲሁ እንደሚወጣ ለይቶ ማወቅ ብርቱ ትዕግሥትን የሚሻ ምርመራ ነው። በዚህ ምርመራ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሐኪሙ ሮበርት ማካንስና የኬሚስትሪዋ ሊቅ ኤልሲ ዊዶውሰን የተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. በለንደን፣ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ነበር።

ስልታቸው በነገሩ ቀላል፣ በሥራው ግን እጅግ አድካሚ ነበር፤ ተመርማሪው የሚጐርሰው ሁሉ ተመዝኖ፣ ከየምግቡም ናሙና ተወስዶ፣ ከሰውነቱ የወጣው ሽንትና ዐይነ ምድር (ለመናገር ቢያሳፍርም ሳይንስ ይሉኝታ አያውቅምና) አንዳች ሳይጐድል ተሰብስቦ ይመረመራል፤ ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ የሚተርፈው በሰውነት የቀረው ነው። ደማቸው ከመጠን በላይ የበዛባቸው ሕሙማን ቀይ የደም ሕዋሳታቸውን በሚያፈርስ መድኃኒት ሲታከሙ፣ ከፈረሰው ደም የተለቀቀው ብዙ ብረት ሊወጣ ይገባዋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በሚዛኑ ላይ ከምንም የማይቈጠር ብቻ ተገኘ። ሁለቱ ሊቃውንት ብረቱን በራሳቸውና በባልደረቦቻቸው ደም ሥር አስገብተው ቢሞክሩትም ውጤቱ ያው ሆነ፤ ስለዚህም ሰውነት የብረቱን ልክ የሚጠብቀው በመውጫው ሳይሆን በመግቢያው፣ ማለትም በአንጀት መሆኑን አስረዱ። በራስ ላይ መሞከር ግን ዋጋ አለው፤ ስትሮንቲየም የተባለውን ማዕድን በመርፌ በወሰዱ ጊዜ መድኃኒቱ ተበክሎ ስለ ነበር ሁለቱም በጽኑ ትኩሳት ተንቀጠቀጡ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን የባሕር መንገድ ባስጨነቀ ጊዜ፣ ስንዴን ለመቈጠብ ሲባል ፉርሽካው ያልተለየው ጥቁር ዳቦ ለሕዝቡ ይበጃል ተባለ። ሁለቱ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ለወራት በአብዛኛው ዳቦ እየበሉ ሚዛናቸውን ሲያዩ፣ ከነጩ ዳቦ ይልቅ ጥቁሩን በበሉበት ጊዜ ወደ ሰውነት የሚገባው ካልሲየም አነሰ፤ ምክንያቱ በስንዴው ፉርሽካ ያለው ፊቲክ አሲድ ካልሲየሙን ይዞ ስለሚያስቀረው ነው። (የእንጀራችን ሊጥ ሲቦካ ይህ አሲድ ከፊሉ እንደሚፈርስ ልብ ይሏል።) የእንግሊዝ መንግሥትም የጐደለውን ካልሲየም ለመተካት በዱቄቱ ላይ ጠመኔ እንዲጨመር አዘዘ፤ ትእዛዙም በብሪታንያ ሕግ ጸንቶ ኖረ፤ የሚያስደንቀው ግን ፊቲክ አሲድ የሚበዛበት፣ ፉርሽካው በሙሉ ያለበት ዱቄት ከዚያ ግዴታ ነጻ መደረጉ ነው።