ከክልል መኪና ሲገዙ፦ ፋይሉ ሳይመጣ መኪናው መጣ አይባልም

እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ቆሞ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ትታየዋለች። ፊቱን ወደ ሰሜን ሲያዞር ከባሕር ዛፉ ማዶ ያለው አገር ኦሮሚያ ክልል ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ሩቅ አይደለችም። እኛ የእንጦጦ ሰዎች ድንች የምንሸምተው፣ ለቅሶ የምንደርሰው፣ አንዳንዴም መኪና የምንገዛው ከዚያው ነው። ሰው ወሰኑን ሲሻገር «ወዴት?» የሚለው የለም። መኪናም እንደ ሰው ይሻገራል። በዋዛ የማይሻገረው የመኪናው ፋይል ነው።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ አቅሙ መካከለኛ የሆነ ሰው ዓይኑን የጣለው አገር ውስጥ ባለው አሮጌ መኪና ላይ ነው። ደላላውም «የክልል ሰሌዳ ስለሆነ ነው ዋጋው የቀነሰው፣ ሌላ እንከን የለበትም» ይላል። እንከኑ ግን አንዳንድ ጊዜ ከሞተሩ ሳይሆን ከወረቀቱ ይገኛል።

አንድ ጎረቤቴ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ይነግዳሉ። ሸማ የሚያመላልሱበት አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ከአንድ የክልል ከተማ ነዋሪ ገዙ። በሦስት ምስክሮች ፊት ውል ተፈረመ፣ ብሩም ተቆጥሮ ተሰጠ። ስም ለማዛወር ግን ቀረጥ መክፈልና ሁለት ቢሮ መመላለስ እንደሚጠይቅ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ይሄኔ ደላላው መላ አመጣላቸው። «ለምን ይደክማሉ? ሰውዬው ውክልና ይስጡዎት። በውክልናው ይነዱታል፣ ቦሎ ያወጡበታል፣ ሲሰለችዎትም ይሸጡበታል።» ጎረቤቴም ውክልናቸውን በፕላስቲክ አስለብጠው አምስት ዓመት ነዱ።

በስድስተኛው ዓመት ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርቡ መዝገቡ ላይ እግድ ተገኘ። ሻጩ ሞተዋል። ወራሾች የውርስ ክርክር ላይ ናቸው። መኪናው በሟች ስም ስለሆነ ከውርስ ንብረት ተቆጥሯል። ጎረቤቴ የተለበጠውን ውክልና ይዘው እኔ ቤት መጡ። «አንተ ሕግ ተምረሃል፣ ይኸው ማኅተሙ» አሉኝ። ማኅተሙ እውነተኛ ነበር። ውክልናው ግን ከሰጪው ጋር አብሮ ተቀብሯል።

ውክልና ባለቤት አያደርግም

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ተወካይ ማለት በሌላ ሰው ስም የሚሠራ ሰው ነው። በአንቀጽ 2226 ወካዩ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን ሊሽር ይችላል። በአንቀጽ 2232 መሠረት ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል። ስለዚህ በውክልና መኪና የያዘ ሰው ሀብቱን ያሰረው በሌላ ሰው ፈቃድና ዕድሜ ላይ ነው።

«የሽያጭ ውሉስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕጉ የሚንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭን እንደ ቤት ሽያጭ የግድ በጽሑፍ ይሁን አይልም። በምስክር ፊት የተፈረመችው ወረቀት ሻጭንና ገዢን ታስራለች። አንቀጽ 2281 ሻጩ ገዢው የማይነቃነቅ መብት እንዲያገኝ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲፈጽም ያስገድደዋል። ግን በሻጭ ላይ መብት ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ በመዝገብ ባለቤት ሆኖ መገኘት ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 1186 ተንቀሳቃሽ ንብረት በርክክብ ይተላለፋል ካለ በኋላ ልዩ ለሆኑት ንብረቶች የወጡ ሕጎች እንደተጠበቁ መሆናቸውን ይናገራል። መኪናም የራሱ ሕግ አለው። እሱም የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። መንግሥትም ፖሊስም ባንክም የሚያውቁት በመዝገቡ የሰፈረውን ስም ነው።

የሟች ሚስት ያሉት

ጉዳዩን ከፍርድ ቤት በፊት በሽማግሌ እንሞክረው ብለን ወደ ሟች ቤት ሄድን። ክርክር ጠብቄ ነበር። ሴትዮዋ ግን ቡና አፍልተው ተቀበሉን። «ባሌ ሸጦታል፣ ገንዘቡንም በልተናል፣ አልክድም» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «ግን አምስት ዓመት ሙሉ መኪናው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚነዳው አላውቅም። አንድ ቀን ሰው ቢገጭ የሚንኳኳው የኔ በር ነው። ይህንን አስባችሁ ታውቃላችሁ?»

ሕግ ተማርኩ የምለው ሰው አንገቴን ደፋሁ። ምክንያቱም ትክክል ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ አያድነውም። የሚያድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ጎረቤቴ አንድ ሰው ገጭተው ቢሆን ኖሮ ተጎጂው መጀመሪያ የሚያገኘው በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው። ስም አለማዛወር ገዢን ብቻ ይጎዳል ብዬ አስብ ነበር። ለካ ለሻጭ ቤተሰብም ዕዳ ነው።

ጉዳዩ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ። ወራሾቹ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አወጡ፣ እግዱ ተነሳ፣ ሚስትና ልጆች ፈረሙ። ሰባት ወር ፈጀ። መኪናው እስከዚያው ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ። የስም ማዛወሪያው ክፍያም የተሰላው በአምስት ዓመት በፊት ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ ግምት ነው። ጎረቤቴ ለማዳን የፈለጉትን ገንዘብ እጥፍ አድርገው ከፈሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ከክልል መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን ያድርግ? ቅደም ተከተሉ እነሆ።

አንደኛ፦ ከመኪናው በፊት ፋይሉን ይዩ

ሊብሬ የፋይሉ ቅንጫቢ ነው። ዋናው ያለው መኪናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ነው። ከሻጩ ጋር ሄደው መኪናው ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን ያረጋግጡ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው፣ ከፋይሉና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ያመሳክሩ። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በፋይሉ መመዝገብ አለበት። የሻንሲው ቁጥር የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ጥለውት ይሂዱ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንዱ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ነው። በክልል ለኢንቨስትመንት ተብለው ያለ ቀረጥ የገቡ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች ጥቂት አይደሉም። መብቱ ለሌለው ሰው ከመተላለፋቸው በፊት ቀረጡ መከፈል አለበት። ሌላው መያዣ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ በብሔራዊ ባንክ የመያዣ መዝገብ ስላለ እዚያም ማጣራት ይገባል።

የቀድሞው ደቡብ ክልል ሰሌዳ ያለው መኪና ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም. ራሳቸውን የቻሉ ክልሎች ሆኑ። የቀረው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ለደቡብ ኢትዮጵያና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተከፈለ። ፋይሉ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። የሰሌዳ ፊደልና ቀለም ሊቀያየር ይችላል። የፋይል ጥያቄ ግን አይቀየርም።

ሁለተኛ፦ ሻጩን ይወቁ

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይፈርም። ካላገባ ያላገባ ለመሆኑ ማስረጃ ያቅርብ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ዛሬ በ500 ብር የሚሸጥ መኪና ቀርቶ ጎማም የለም። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉ ይፍረስልኝ ማለት የሚችለው ካወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የሚገዙበትን ክልል ሕግ ይጠይቁ።

የሚሸጥልዎ ተወካይ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚጠቅስ መሆኑን ይመልከቱ። አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፦ ውሉን በደንብ ይጻፉ

ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረም። የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ዋጋው፣ ስም የሚዛወርበት ቀን፣ የትኛውን ክፍያ ማን እንደሚሸፍንና ለዘገየ ወገን የሚጣለው መቀጫ ይግባበት። ቀብድ ከተሰጠ አንቀጽ 1885ን ያስታውሱ። ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል።

ዋጋ አሳንሶ የመጻፍ ልማድ አለን። ቢሮው የራሱን ግምት ስለሚያወጣ ትርፉ ብዙ አይደለም። ውሉ የፈረሰ ዕለት ግን «የከፈልከኝ የተጻፈውን ነው» ይባላሉ።

አራተኛ፦ ስሙን እዚያው፣ ፋይሉን ወደዚህ

በእኔ ምክር ሻጩ አጠገብዎ እያለ ስሙን መኪናው በተመዘገበበት ክልል አዛውሮ ከዚያ ፋይሉን መውሰድ ይሻላል። ፋይሉ አስቀድሞ ተልኮ ስሙ አዲስ አበባ የሚዛወርበት አካሄድም አለ። ያኔ ግን ፋይሉ መንገድ ላይ እያለ ሻጩ ሊታመም፣ ሊሰደድ ወይም ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የትኛውን እንደሚቀበሉ ሁለቱንም ቢሮ አስቀድመው ይጠይቁ። የቴምብር ቀረጡ በመኪናው ግምት ላይ ስለሚሰላ ገንዘቡን ከመኪናው ዋጋ ለይተው ያስቀምጡ።

የላኪው ቢሮ ዕዳ አጣርቶ ፋይሉን በደብዳቤ ይሸኛል። የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይመዝግቡ። ፋይል ሲጠፋ መፈለጊያው ክር እሱ ብቻ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ተቀባዩ የከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ነው። እዚያ ነዋሪነትዎን የሚያሳይ መታወቂያ ይዘው ይቀርባሉ፣ መኪናው ይመረመራል፣ የቀድሞው ሰሌዳ ይመለሳል፣ አዲሱ ሊብሬ ይወጣል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደውን የሦስተኛ ወገን መድን አይርሱ።

አምስተኛ፦ የመጨረሻዋን ብር ይያዙ

ሙሉውን ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን አይስጡ። ከዋጋው ቁም ነገር የሆነ ክፍል ስም ሲዛወር በሲፒኦ እንዲከፈል ይስማሙ። ገንዘቡን ጨርሶ የተቀበለ ሻጭ ስልክ ሲደወልለት «ነገ» ይላል። ቀሪ ያለው ሻጭ ግን ራሱ ይደውላል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቨርጂኒያ የገዙትን አሮጌ መኪና ሜሪላንድ ሲያስመዘግቡ የባለቤትነት ወረቀቱን ከሻጭ አስፈርመው ይወስዳሉ፣ መኪናውንም ሜሪላንድ ውስጥ ያስመረምራሉ። ልዩነቱ እነሱ ዘንድ ወረቀቱ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ መሄዱ ነው። እኛ ዘንድ ዋናው ሰነድ ቢሮ ተቀምጦ ሰው ወደ እሱ ይሄዳል።

ለሻጮችም አንድ ቃል። መኪናዎን ሸጠው ስምዎ መዝገብ ላይ ካለ አልሸጡትም ብለው ይቁጠሩት። ገዢው ቢለምንዎትም በውክልና ብቻ አይለያዩ።

ጎረቤቴ አዲሱን ሊብሬ ያወጡ ዕለት ወደ ሟች ቤት ደውለው «ከዛሬ ጀምሮ በርዎ አይንኳኳም» አሏቸው። ቀጥሎ ያደረጉት ያንን የተለበጠ ውክልና መቅደድ ነበር። ላሜራው እምቢ ስላላቸው በመቀስ ቆረጡት።

ቸር ይግጠመን።